የማርስ መንግሥት በመካነ ሰላም

አብሮኝ ያስተምር የነበረው የፊዚክስ መምህር ይህን ታሪክ በየሰርጉና በየለቅሶው ሲያወራ ኖሯል። በእሱ አነጋገር፣ እኔ ምርመራ ክፍል ቁጭ ብዬ ሳለቅስ እሱ በአንዲት ቀልድ ሁላችንንም አስፈታን። አላለቀስኩም። ያደረግኩት ከማልቀስ የባሰ ሞኝነት ነው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አበላሽቶ ከሚያወራው ራሴ ብናገረው ይሻለኛል።

መካነ ሰላም የተመደብኩት ድርቁ ወሎን በያዘበት ዘመን ነው። የተላክሁት ሳይንስ ላስተምር ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ግን ሴት መሆኔን ሲያይ ባልትናንም ደረበልኝ። ቤታቸው አንድ ዶሮ ላልቀረላቸው ልጆች ስለ እንቁላል አቀቃቀል አስተማርኩ። ክፍሉ በየሳምንቱ ይሳሳል። የቀረው ልጅ የት እንደሄደ ሌሎቹ አይናገሩም፤ እኛም መጠየቁን ተውን። ከቆላ የወጡ ቤተሰቦች በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እያረፉ ያልፉ ነበር። መምህራኑ እያዋጣን ንፍሮ እናስቀቅልላቸዋለን፤ አንድም ቀን በቅቶ አያውቅም።

ከሥራ በኋላ ሦስት ሆነን ሻይ ቤት እንቀመጣለን፤ እኔ፣ የፊዚክሱ መምህርና የወረኢሉ ሰው የሆነው የሒሳብ መምህር። አንድ ቀን የሻይ ቤቱ ራዲዮ ወደ ማርስ ስለተላከ መንኮራኩር ሲያወራ ሰማን። ቀኑን ሙሉ ያየነውን ላለማውራት እዚያው ማርስ ላይ መንግሥት አቋቋምን። የፊዚክሱ መምህር ራሱን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሾመ። የሒሳቡ መምህር የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ፤ ማርስ ላይ ገንዘብ እንደማይኖር ግን አስቀድመን ወስነን ነበር። ሮኬቱን የነደፍኩት እኔ ነኝ። በሦስት ተራ የሚነድ፣ የነደደው ክፍል እየወደቀለት የሚሄድ ሮኬት ነው፤ በሻይ ብርጭቆ ደርድሬ አስረድቻቸዋለሁ። ሹመት ሲታደል ግን የጓዳ ሚኒስትር አደረጉኝ። ስቄ አለፍኩት። እንዲህ ያለውን ሳቅ ሴቶች ያውቁታል።

ጨዋታው እያደገ ሄደ። ማታ በኩራዝ ፈተና የምናርም ሰዎች፣ ስለሚናገር ማሽን እንጣላለን። አንድ ጊዜ ሮቦት የሚጾመው ሁዳዴን ነው ወይስ ረመዳንን ብዬ ጠየቅሁ።

“ወላሂ፣ እህል የማይቀምስ ነገር ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው” አለ የሒሳቡ መምህር። “ከሁላችንም ቀድሞ ጀነት የሚገባው እሱ ነው።”

ንጉሡ ወረዱ፣ የመሬት አዋጅ ወጣ፤ እኛም ማርስ ላይ ባለርስት እንዳይኖር ደነገግን። ቆይቶ አብዮቱ ሰው መብላት ሲጀምር፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ “የእኛ መንግሥት ሲቆም” ማለት ምን እንደሚያመጣ ልብ ማለት ነበረብን። የተማርን ሰዎች ስለሆንን ልብ አላልንም። አንድ ጠዋት ታጣቂዎች ከየክፍላችን ጠርተው ወደ ቀበሌው ቢሮ ወሰዱን። በፊተኛው ሳምንት እዚያው ቢሮ የተጠሩ ሰዎች ወደ ቤታቸው አልተመለሱም ነበር።

መርማሪው ከደሴ የመጣ ወጣት ነው፤ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ የገንዘብ ሚኒስትሩንም ያውቃል። ያስጨነቀው ሮኬቱ ነው፤ የተደበቀ መሣሪያ መስሎታል። ሁለቱ ወንዶች ጨዋታ ነው እያሉ ማሉ፣ ተገዘቱ። ሲሰለቸው ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ።

“አንቺ እንኳ የጓዳ ነሽ አሉ፣ እህቴ። ሂጂ፣ ቤትሽ ግቢ።”

በሩ ክፍት ነበር። የሒሳቡ መምህር በዓይኑ ውጪ፣ ውጪ ይለኛል። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ፤ ደጃፉ ላይ ስደርስ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ጓደኞቼን ጥዬ አልወጣም ብዬ ነው ብል ያምርብኝ ነበር። ውሸት ነው። ቂም ነው ያቆመኝ።

“ሮኬቱን የሠራሁት እኔ ነኝ” አልኩት።

የሒሳቡ መምህር ዓይኑን ጨፈነ። መርማሪው ተመልሼ እንድቀመጥና እንዳስረዳ አዘዘኝ። አስረዳሁ፤ እንዲያውም ማን ያስቁመኝ። ማኅተሙን፣ የቀለሙን ብልቃጥና የሲጋራውን ፓኮ ደርድሬ የሮኬቱን ሦስት ክፍሎች አሳየሁት። ማርስን የሚተካ ነገር ስፈልግ እጄ ወደ ሽጉጡ ሄደ፤ ፈጥኖ አነሣውና በምትኩ ቆቡን ሰጠኝ። መሄጃው ስምንት ወር፣ መመለሻው ስምንት ወር፣ በድምሩ አሥራ ስድስት ወር ነው አልኩት።

“አይደለም” አለ የፊዚክሱ መምህር ከጥግ።

የት እንዳለን ጨርሶ ረስቷል። እኛ ማርስ ስንደርስ መሬት ቦታዋን ለቃ ስለምትሄድ፣ መንገዱ እስኪገጥምልን እዚያው ከዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ነው ብሎ ያርመኝ ጀመር። ነዳጅ ከጨመርን መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል አልኩ። ያን ነዳጅ ማን ይሸከመዋል አለ። እኔ ጮህኩ፣ እሱም ጮኸ።

“ያን ሁሉ ጊዜ ምን እየበላን ነው የምንጠብቀው?” አለ የሒሳቡ መምህር፤ እሱም አላስቻለውም።

“የጓዳ ሚኒስትሯን ጠይቃታ” አለ የፊዚክሱ መምህር።

ያንን የረሃብ ዘመን እዚያ አገር ላሳለፈ ሰው ይህ የሚያስቅ መልስ አልነበረም። መርማሪው በጣቱ ቆቡን ነካ።

“እዚያ ውኃ አለ?”

በረዶ አለ ይባላል፣ የሚፈስ ግን አይታወቅም አልኩት። ስለ ዝናብ ጠየቀኝ፤ የለም አልኩ።

“ታዲያ ከዚህ በምን ይሻላል?”

መርማሪው ቆቡን አንሥቶ አጠለቀ። እንደ እኛ ያለ ሰው መንግሥት ቀርቶ የዕድር ድንኳን ተስማምቶ እንደማይተክል ነገረን። የማርስ መንግሥት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፈርሷል፤ ሻይ ቤት አብረን ከታየን ግን ሁለተኛ ንግግር የለም። ውጡ አለን።

መንገድ ላይ የሒሳቡ መምህር “አብሽሪ፣ አብሽሪ” ይለኛል፤ የሚያጽናናው እኔን ይሁን ራሱን አላውቅም። የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ስንደርስ የፊዚክሱ መምህር ቆመ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ እኔም ቆምኩ።

“እሺ፣ ዋና መሐንዲስ ሁኚ” አለኝ። “መጠበቁን ግን ትቀበያለሽ።”

መንግሥቱ እኮ ፈርሷል አልኩት። ሹመቱን ግን አልመለስኩለትም፤ ደወሉ ተደውሎ ስለነበር ወደ ክፍሌ ገባሁ።