የማን ሁለት ሰዓት?

ምሥራቅ ጀርመን ተምሬ የተመለስኩት፣ ናዝሬት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው የዘይት ፋብሪካ ኮምፒዩተር ባስገባበት ዓመት ነው። ማሽኑ የቁም ሣጥን ያክላል። በክፍሉ የነበረው አንድ ቬንቲሌተር የተመደበው ለእሱ እንጂ ለእኔ አልነበረም፤ የናዝሬትን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ግፉ ይገባዋል።

የመጀመሪያ ሥራዬ የሠራተኛውን መግቢያና መውጫ ሰዓት ማስላት ነበር። ከማሽኑ ጋር የመጣው ዋና ፕሮግራም ሰዓትን የሚያውቀው እንደ ባዶ ቁጥር ብቻ ነው። ከመውጫው ላይ መግቢያውን ይቀንስና ሰውየው ስንት ሰዓት እንደሠራ ያትማል። ቁጥሮቹን አንዲት ጸሐፊ ታስገባለች፤ እኔ የማየው የመጨረሻውን ዝርዝር ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ወር ዝርዝር እንደታተመ የፋብሪካው ካድሬ ከእጄ ነጥቆ ወሰደው። "ላጣራው ጓድ" ስለው "ማሽን ይሳሳታል እንዴ?" አለኝና በማግስቱ ሠራተኛውን በሙሉ ምግብ አዳራሽ ሰበሰበ።

በማሽኑ ሒሳብ ኮከብ ሠራተኛ የሆነው አንድ መካኒክ ነው። በየቀኑ አሥራ አምስት ሰዓት ሠርቷል ይላል። ይህ መካኒክ በፋብሪካው የታወቀው ከዘይት በርሜሎቹ ጀርባ ካርቶን አንጥፎ በመተኛት ነበር። ስሙ ሲጠራ ሰው ሁሉ ተያየ። ሽልማቱ ብርድ ልብስ ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ከኋላ አንዱ "ትራሱስ?" ብሎ ጮኸ።

ንግግር አድርግ ተባለ። ብርድ ልብሱን አቅፎ፣ "ጓዶች፣ እኔ ራሴ ይህን ያህል መሥራቴን አላውቅም ነበር። ሳላውቀው ነው የሠራሁት" አለ። ተጨበጨበ።

ቀጥሎ ካድሬው የሰነፎቹን ዝርዝር ያነብ ጀመር። በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ የሠሩ ናቸው። አንደኛውን ጠራ፤ ሁለተኛውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራ፤ ሦስተኛውን እየተቆጣ ጠራ። አራተኛው ላይ ደረሰ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው፣ ደግሞ አራቀው። የራሱ ስም ነበር።

"ጓድ፣ አይሰማም! ድምፅ ይጨመር!" አሉ ከኋላ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ጠራኝ። "ይህን ማሽን የሠራው ማነው?" አለኝ።

"ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ነው፣ ጓድ።"

"እንግዲያው ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም ማለት ነው" አለና እኔን ያየኝ ጀመር። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ መባል የሚሳቅበት ነገር አልነበረም። "እስከ ዓርብ አግኚው" አለኝ።

ፋብሪካው ሁለት በር አለው። በፊተኛው በር ካርድ የሚመታ ከውጭ የመጣ ሰዓት ተሰቅሏል። በኋለኛው በር አንድ ሽማግሌ ዘበኛ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ በደብተር ይጽፋሉ። ደብተሩን ለማየት እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። "አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ" ብለው በኦሮምኛ "እንደምን አደርሽ፣ ልጄ" አሉኝና ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ወዲያው ኑግ የጫነ መኪና ከመቂ መጣ።

ሾፌሩ "ሦስት ሰዓት ላይ ትገባለህ ተብያለሁ" አለ።

"በሐበሻ ነው በፈረንጅ?" አሉት።

"እኔ እንጃ አባባ፣ ሦስት ብቻ ነው ያሉኝ።"

"እንግዲያው አትገባም። የማን ሦስት እንደሆነ ጠይቀህ ና።"

ደብተሩን እንደያዝኩ ነገሩ ገባኝ። መካኒኩ ቤቱ በኋለኛው በር በኩል ስለሆነ ጠዋት በዚያ ይገባል፤ ዘበኛው "ሁለት ሰዓት" ብለው ይጽፋሉ። የሚወደው ጠላ ቤት በፊተኛው በር በኩል ስለሆነ ማታ በዚያ ይወጣል፤ ካርዱ በፈረንጅ "አሥራ ሰባት" ይመታል። አሥራ አምስት ሰዓት! ካድሬው ደግሞ ተገላቢጦሹን፣ በፈረንጅ ስምንት ገብቶ በሐበሻ አሥራ አንድ ይወጣል።

የማሽኑን የሰዓት ክፍል እንደገና ጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ ባዶ ቁጥር የለም፤ እያንዳንዱ ሰዓት ዓይነቱን ይዞ ይገባል። ወደ አንድ ዓይነት ሳይለውጥ የሐበሻውን ከፈረንጁ ላይ ሊቀንስ የሞከረ ፕሮግራም እንደዚያ ሾፌር በር ላይ ይቆማል። ደግሞ "ሁለት ሰዓት ላይ" እና "ለሁለት ሰዓት" አንዱ የሰዓቱ ነጥብ፣ ሌላው የቆይታው ርዝመት፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዲሆኑ አደረግኩ። ይህን አሳቤን ለመፈተን ዘበኛውን፣ "የትናንት ሁለት ሰዓትና የዛሬ ሦስት ሰዓት ቢደመሩ ስንት ይሆናሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ልጄ፣ ምሳ በልተሻል?" አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ሁሉንም መዝገብ አልቀበልም አለ። ጸሐፊዋ ሰበርኩት ብላ አለቀሰች። ከየቁጥሩ አጠገብ የዓይነቱን ፊደል እንድታስገባ አሳየኋትና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትክክለኛው ዝርዝር ወጣ። ካድሬው ዘጠኝ ሰዓት ሠርቷል። መካኒኩም እንደ ሰው ሁሉ ዘጠኝ፤ ቢተኛም ከግቢ አልወጣማ።

ካድሬው የራሱን ዘጠኝ ሦስት ጊዜ አነበበ። "ኮከብ ሠራተኛውስ፣ ጓድ?" አልኩት።

"ለበላይ ሪፖርት ተደርጓል" አለኝ። "የተደረገ ሪፖርት አይመለስም።"

ይባስ ብሎ ከላይ ደብዳቤ መጣ፤ ኮከቡ በመቂ፣ በዝዋይና በቡልቡላ የመንግሥት እርሻዎች እየዞረ ልምዱን እንዲያካፍል። መካኒኩ ላብ በላብ ሆኖ መጣብኝ። "እህቴ፣ ስንት ሰዓት ሠራሁ ልበል?"

"እውነቱ ዘጠኝ ነው።"

"ዘጠኝ ብዬ ማን ያጨበጭብልኛል?" ብሎ ሄደ።

ቡልቡላ ላይ ንግግሩን ሳይጨርስ የእርሻው የውሃ ፓምፕ ቆመ። ሕዝቡ ከነጭብጨባው እየገፋ ፓምፑ ዘንድ አደረሰው። ማምለጫ ሲያጣ ፈታው፣ ጠራረገው፣ አስነሳው። ለካ ጥሩ መካኒክ ኖሯል፤ እኛ ጋ ነቅቶ ያየው ሰው ስላልነበረ ነው። እርሻው በደብዳቤ ጠየቀው፣ ካድሬው በደስታ ፈረመለት፣ እሱም እዚያው ቀረ። በዓመቱ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጭኖ፣ እዚያው ያገባትን ነፍሰ ጡር ሚስቱን አስከትሎ ሊጠይቀኝ መጣ።