ለካርድ ማሽን ብዬ የሰበርኩት እጅ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ስምንት ዓመት ሙሉ ፊታቸው እየቀረብኩ ትንንሹን እየመረጥኩ ስዘረዝርላቸው ኖሬያለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ በጾም የቀመስኳትን አይብ። ትልቁን ዋጥኩት። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልንገራችሁ። የወይንሸትን ቀኝ እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዘራፊ አይደለም። ጭምብል ያጠለቀ ወጠምሻ አይደለም። እኔ፣ በጎማ መፍቻ ብረት፣ ሦስት ጊዜ መታሁት።

ወይንሸት አበልጄ ናት። ልጇን ሶስናን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን ሱቅ ነበረን፤ የእሷ ጸጉር ቤት፣ የእኔ የሺሻና ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራ መሸጫ። አዎ፣ እሁድ ጠዋት ነጠላ ለብሼ አስቀድሼ ከሰዓት በኋላ ሺሻ እሸጥ ነበር። ሳቁብኝ፣ ምን ችግር አለው። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ያገኘሁት ሱቅ እሱ ነበር፤ የጫማ ሱቅ ባገኝ ኖሮ ጫማ እሸጥ ነበር።

የዚህ ንግድ ጣጣው ምን መሰላችሁ? ካርድ የሚያስከፍልላችሁ ድርጅት አይገኝም። ገና ምን እንደምትሸጡ ስትናገሩ "ሃይ ሪስክ" ይሏችኋል፤ አደገኛ ንግድ ማለታቸው ነው። አምስት ቦታ አፕላይ አደረግኩ። አራቱ ይቅርታ ብለው ጻፉልኝ። አምስተኛው ማሽኑን ልኮልኝ፣ ሁለት ሳምንት ሠርቼበት፣ ምን እንደምሸጥ ሲደርስበት በሩቁ ዘጋው። ሶ፣ የሱቄ በር ላይ "ካሽ ብቻ" ብዬ ለጠፍኩ። እንዲህ ብሎ መለጠፍ ሌባን ግባ ብሎ መጥራት መሆኑን ማን በነገረኝ።

የመጀመሪያው በጠራራ ፀሐይ መጣ። የሽጉጡን አፈሙዝ ጉንጬ ላይ ተክሎ መሳቢያውን በሌላ እጁ ገለበጠው። ሁለተኛው ከሦስት ወር በኋላ መጣና፣ ቀስ ብለሽ ሰጠሽኝ ብሎ በሰደፉ አፌን አለኝ። ሁለት ጥርሴ ወለሉ ላይ ቀረ። ያን ቀን ፎጣ ይዛ ሮጣ የመጣችው ወይንሸት ናት። ደሜን የጠረገችው፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ከንፈሬ ላይ የያዘችው፣ ሱቄን አጥባ የዘጋችው እሷ ናት። በየትኛው እጇ መሰላችሁ?

ከዚያ በኋላ ከመኪናዬ የጎማ መፍቻውን አውጥቼ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጥኩት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ይህንንም ልናገር፤ ሦስተኛ ሌባ እንዲመጣልኝ እመኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ጭንቅላቱን ስፈረክሰው፣ ጉልበቱን ስሰብረው፣ ሲለምነኝ በሐሳቤ አይ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲገባ ፈገግ እላለሁ፣ እጄ ግን ከሥር ብረቱን ይዳስሳል። ፈርቼ ነው እንዳትሉልኝ። ፍርሃቱ አልቆ ነበር፤ የቀረኝ ንዴት ብቻ ነው።

ወይንሸት ጸጉር ቤት ሁለት የካርድ ማሽን ነበራት፤ አንደኛው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ። "ወይኔ፣ እሱን ለአንድ ወር አውሺኝ" አልኳት። በማሽኑ የሚገባው ገንዘብ በእሷ ስም ይገባል፣ እሷ ቆጥራ ትሰጠኛለች።

"ካምፓኒው ቢያውቅስ? የእኔ ወረቀት ላይ እኮ ጸጉር ቤት ነው የሚለው" አለች።

"አበልጅሽ በጥይት ሞታ ልትቀብሪያት ነው የምትፈልጊው?" አልኳት።

ማሽኑን በፎጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። አበልጅ ከአበልጁ ጋር ውል ይዋዋላል እንዴ? እኛ አገር ሰው ሰውን ያምናል፣ በቃ። ካምፓኒው ግን ማን የማንን ልጅ ክርስትና እንዳነሳ አይጠይቅም። አንድ ሰው ማሽኑን ለሌላ አሳልፎ ከሰጠ፣ ለእሱ አጭበርባሪ ነው። ይህን እኔ አውቅ ነበር። አምስት አፕሊኬሽን ሞልቻለሁ፤ ያንን አንቀጽ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እሷ አላነበበችውም። እኔም አልነገርኳትም።

አንዱ ወር ሰባት ወር ሆነ። መልሺልኝ ስትለኝ "በሚቀጥለው ሳምንት" እላት ነበር። ሺሻ የገዛው ሁሉ የባንክ ወረቀቱ ላይ የሴት ጸጉር ቤት ስም ይወጣበታል። ሚስቶች አዩት። ራሱ ላይ አንድ ጸጉር የሌለው ሰውዬ በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ጸጉር ቤት ከፍሎ ተገኘና ቤቱ ተቃወሰ! ይህን ጊዜ ሰዉ "እኔ አልከፈልኩም" እያለ ለባንኩ ይደውል ጀመር። ካምፓኒው መዝገቡን ሲያገላብጥ ደግሞ ወይንሸት በምትዘጋበት እሁድ ማሽኑ ሲሠራ ውሎ አገኙት። የእሷን አካውንት ዘጉት፣ ውስጡ ያለውን ያዙት፣ ስሟንም ሁሉም የካርድ ድርጅቶች የሚያዩት ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። እዚያ የገባ ሰው አምስት ዓመት ካርድ ማስከፈል አይችልም። አራት ሰዓት ተቀምጣ ሹሩባ የሚሠራላት ደንበኛ የዚያን ሁሉ ሰዓት ዋጋ በካሽ ይዛ አትዞርም። ደንበኞቿ በአንድ ወር ውስጥ ተበተኑ።

እኔስ? እኔ በዚያው ሰሞን አንድ ደላላ አግኝቼ ነበር። እንደኔ ዓይነት የተገፋ ንግድ እየሰበሰበ ካርድ የሚያስፈቅድ ሰው ነው። ወረቀቴ ገብቷል፣ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። "ብቻ ስምሽ ንጹሕ ይሁን" ብሎኛል።

አንድ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ወይንሸት መጣች። ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አልጮኸችም። "ዛሬ ደውዪላቸው። ማሽኑን የተጠቀምሽበት አንቺ እንደሆንሽ ንገሪልኝ። ስሜን አስወጪልኝ" አለች።

"ሁለት ሳምንት ታገሺኝ፣ የእኔ ወረቀት ይለቅ" አልኳት።

"ሁለት ሳምንት ሱቄ አይቆይም" አለችና ባንኮኒው ላይ የነበረውን ማሽን ያዘች። ሞቷል፣ ነገር ግን የተሸጠው ሁሉ ከነሰዓቱ ውስጡ አለ። "ይህን ወስጄ ራሴ አሳያቸዋለሁ።"

"ልቀቂ" አልኳት። "አለቅም" አለች። "ልቀቂ አልኩሽ!" ስላት ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝና "አንቺ ከነዚያ ሌቦች በምን ትሻያለሽ?" አለችኝ።

ብረቱን መቼ እንዳነሳሁት አላስታውስም ብል ቀለል ይለኝ ነበር። አስታውሳለሁ። ቅዝቃዜውን አስታውሳለሁ። የመጀመሪያው ጣቶቿ ላይ አረፈ፤ የባንኮኒው መስታወት አብሮ ተሰነጠቀ። አፏን ከፈተች። ሁለተኛው እጇን ልትሰበስብ ስትል አንጓዋ ላይ አገኛት፤ ያኔ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ማሽኑን ለቃው ነበር። ስሙኝ፣ ለቃው ነበር! ታዲያ ሦስተኛውን ለምን መታኋት? ለማሽኑ አይደለም። ለሽጉጡ፣ ለጥርሴ፣ ለአራቱ ይቅርታ፣ ጥሎኝ ለሄደው ባል፤ ያ ሁሉ ያልመታሁት ሰው እሷ እጅ ላይ ተሰብስቦ ታየኝ። ሦስተኛውን በሙሉ ኃይሌ መታሁት። በዚያች ቅጽበት፣ ሌባውን በሐሳቤ ስሰብረው ደስ ይለኝ እንደነበረው፣ ደስ አለኝ። ይኸው፣ ተናገርኩት። ደስ አለኝ።

ከዚያ ጮኸች። ጣቶቿ ወደማይታጠፉበት ታጥፈው ደሙ መስታወቱ ላይ ይወርዳል። ብረቱን ከዕቃ ካርቶን ኋላ ወረወርኩና ታቀፍኳት። አላፊ አግዳሚው ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ደርሶ ጎንበስ ብሎ "ማን ነው የመታሽ?" ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ወይንሸት እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ሕመሙ ግን አስረስቷት በአማርኛ "ሶስና አሁን ከትምህርት ቤት ትወጣለች፣ ልጄን ማን ያመጣልኛል?" አለች። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ተረጎምኩለት። ጭምብል ያጠለቀ ሰው ነው ትላለች፣ ረጅም ነው፣ ጥቁር ለብሷል፣ ካሽ ነው የፈለገው አልኩት። ሰማችኝ። ያልኩት ሁሉ ገብቷታል። ዓይኗን ጨፈነች።

ሁለት ጊዜ የተዘረፍኩ ሴት ነኝ፣ ማን ይጠረጥረኛል? ካሜራውም ከሁለተኛው ዘረፋ ወዲህ አይሠራም። በየት ሄደ ሲለኝ ማዶ ወዳለው ባቡር ጣቢያ ጠቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ በመስኮቱ አየሁ፤ አንድ ረጅም፣ ጥቁር የለበሰ ሰው አስፋልቱ ላይ በሆዱ አስተኝተው አንዱ ፖሊስ ጀርባው ላይ ተንበርክኮበታል። ፊቱ አስፋልቱ ላይ ተፋቅቶ ደምቷል። በአፌ የፈጠርኩት ሰው ነው። በኋላ ለቀቁት። ወጥቼ "እሱ አይደለም" እንኳ አላልኩም።

ሆስፒታል ውስጥ እጇ በብረት ተወጥሮ ብቻችንን ስንሆን፣ እግሯ ሥር ወደቅኩ። ወይንሸት አላለቀሰችም። "ለአንቺ ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት" አለችኝ። "ክርስትና ያነሳችሽ እናትሽ እጄን ሰብራ እስር ቤት ገባች ብዬ ለልጄ አልነግራትም። አባት የላት፣ ዘመድ የላት። አንቺን ደግሞ አልነጥቃትም።" ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

እዚህ ላይ በቃኝ ብል ጥሩ ነበር። ደላላው ደወለ። የካርድ ድርጅቱ አሁንም እያመነታ ነው፣ ለምን ካርድ በጣም እንደሚያስፈልግሽ ደብዳቤ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። ካሽ ብቻ ስለምቀበል ሱቄ ውስጥ የቅርብ ጓደኛዬ እጅ በዘራፊ ተሰበረ ብዬ ጻፍኩ። የፖሊሱን ሪፖርት አያያዝኩ። የእጇን ፎቶ አያያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ተፈቀደልኝ። ደላላው "ፎቶው ነው የረዳን" አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት።

ሱቄ ተስፋፋ። ዛሬ ማውንትሌክ ቴራስ የሚባል ከተማ ውስጥ ቤት አለኝ። ወይንሸት ሦስቴ ኦፕራሲዮን ሆናለች፤ ሁለቱ ጣቶቿ አይታጠፉም። ሹሩባ የሚሠራ እጅ ነበር እኮ፣ ሰው ከሌላ ከተማ ድረስ ይመጣለት ነበር! አሁን ካፒቶል ሂል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በግራ እጇ ሳህን ትደረድራለች። በየወሩ ገንዘብ እሰጣታለሁ፣ ትቀበለኛለች፤ ለልጇ ስትል። ይህን እንደ ካሳ አትቁጠሩልኝ።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ሳለ ሶስና ላፕቶፗን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ስለ ሕይወቷ ጽሑፍ ማስገባት አለባት። "ኦንቲ፣ ፕሊስ፣ አንብቢልኝ። ለማሚ አላሳየኋትም፣ ታለቅሳለች" አለች በሹክሹክታ። ወይንሸት ወዲያ ማዶ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥፋለች።

የእጅ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ ይላል። ስለ እናቷ እጅ ነው የጻፈችው። ያንን የሰበረውን ሰው አላውቀውም ይላል፤ ምናልባት ርቦት ይሆናል፣ ምናልባት ከእናቴ ይልቅ ፈርቶ ይሆናል፣ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አንድ ቀን ባገኘው ይህንን እነግረዋለሁ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ እናቴን አቅፋ የያዘቻት ክርስትና እናቴ ናት፣ ሳድግ እንደ እሷ መሆን እፈልጋለሁ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅቷ አጠገቤ ናት፣ ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቷል። ሰዓቱ ያ ነበር። ከዚያ የተሻለ ሰዓት እግዚአብሔር አይሰጠኝም። አፌን ከፈትኩ።

"ጎበዝ" አልኳት፣ "አንድም ቃል እንዳትነኪው።"

ወይንሸት ልብሱን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ እንደዚያ አላየችኝም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የእኔ የሆነውን ይቅርታ ያቺ ልጅ ለሌለ ሰው ሰጥታዋለች፣ እኔም እያየሁ አሳለፍኩት። ብረቱን ያነሳሁት ተናድጄ ነው ልል እችል ይሆናል። ያን ቅዳሜ ግን አልተናደድኩም፣ ማንም አላስፈራራኝም፣ ማሽንም አልፈለግኩም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሦስት እሁድ አለፈ። ትናንት ሶስና ጽሑፉን ልካዋለች።