ፈይሳ በዚያኛው ሰልፍ የቆመ ዕለት

ፈይሳ ኦሊቃ ጉልበቱን የጨረሰው ጭልሞ ጫካ ውስጥ ነው። የደን ጠባቂ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ጠመንጃ ሲሸከም ኖሮ በአንድም ሰው ላይ አልተኮሰም። እንጨት ሲቆርጥ ያገኘውን ሰው መጥረቢያውን ይቀበለውና ከጎኑ ቁጭ ብሎ ምን ቸግሮት እንደሆነ ይጠይቀዋል። የሚነግረው እውነት ከመሰለው ነፋስ የጣለው ዛፍ ያለበትን ያሳየዋል፤ ውሸት ከመሰለው እየነዳ ጣቢያ ያደርሰዋል። ራሱም መዋሸት አይችልበትም ነበር። ባለቤቱ አዴ ለንሳ በዚህ ጠባዩ ስትማረር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እንግዳ ፊት ወጡ እንዴት ነው ስትለው ጨው ይጎድለዋል የሚል ባል እግዜር ለጠላቴም አይስጥ ትል ነበር።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ጊንጪ፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ባለችው ግቢው ተቀመጠ። የልብ ወዳጁ ኦቦ ጉርሙ የሚባል እህል ነጋዴ ነው። ፈይሳ ሲያገባ ሚዜው ጉርሙ ነበር፤ ጉርሙ ቤት ሲሠራ ማገሩን አብሮት ያሰረው ፈይሳ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲበተን ጉርሙ መጋዘን በር ላይ ጆንያ አንጥፈው ይቀመጡና ይጨቃጨቃሉ። ጉርሙ ይጮሃል፤ ፈይሳ ዝም ብሎ ያዳምጥና በመጨረሻ አንዲት ቃል ይጥላል፤ ጉርሙ በዚያች ቃል እየተብሰለሰለ ቤቱ ይገባል። በሳምንቱ ደግሞ እንደገና ይገናኛሉ። እኔም ሦስተኛ ሆኜ አጠገባቸው እቀመጥ ነበርና ያን ወዳጅነት በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ጉርሙ የእድራችን ሊቀመንበር ነበር፤ ልጆቻችን ሳይወለዱ ጀምሮ። በእሱ ዘመን ከእድሩ ዕቃ አንዲት ብርጭቆ አልጠፋችም። ሰው በሞተ ሰዓት ድንኳን ተተክሎ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ያድራል። ነገር ግን ቁጡ ነው። ቀብር ላይ ያረፈደን ሰው በሬሳው ፊት ይገሥጸዋል። የእድሩን ደንብ እንደ ዳዊት በቃሉ ያወጣዋል፤ ከደንቡ ፈቀቅ የሚል ሰው ለእሱ ሌባ ነው።

ነገሩ የመጣው ከደንቡ ነው። ሶፎንያስ የሚባል ወጣት መምህር ከደቡብ ተመድቦ መጥቶ እድራችን ውስጥ ገባ። ጥቂት ወራት እንደቆየ ጨቅላ ልጁ ሞተበት። ደንቡ ደግሞ አዲስ ገቢ ስድስት ወር ካልሞላው ድንኳንም ቆፋሪም አይሰጠውም ይላል። ጉርሙ ዛሬ ለአንዱ ካጠፍነው ነገ ደንብ የለንም ብሎ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ያዘ። እሱ ራሱ በግሉ ሄዶ ከመምህሩ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ አልቅሷል፤ ድንኳኑን ግን አላወጣም። ፈይሳ ለጉርሙ ደንቡ ለሰው እንጂ ሰው ለደንቡ አልተሠራም ብሎ ነገረው። ጉርሙ አልሰማውም። ፈይሳም ዶማውን ተሸክሞ ሄደና ያቺን ትንሽ ጉድጓድ ብቻውን ቆፈራት።

በዚያው ዓመት፣ በ2010 ክረምት፣ የእድሩ ምርጫ ደረሰ። አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ ያወራ ነበር። ወጣቶቹ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ የደረደሩባቸው ዓመታት ገና ከዓይናችን አልጠፉም፤ ከአምቦም ከጉደርም የሚመጣው ወሬ ያው የለውጥ ወሬ ነው። በእድራችን ግን ለውጥ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጉርሙን የሚወዳደር ሰው እንኳ ጠፋ። ያን ጊዜ ጉርሙ ራሱ ተነሥቶ፣ ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ተብዬ መታማት አልፈልግም አለና ወደ አዴ ሃዋኒ ጠቆመ። ሃዋኒ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ለመንገደኛ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ናት። በየስብሰባው ስትነጫነጭ የምትኖር እሷ ናትና ትቁምና አፏ ይረፍ አለ። ሰው ሳቀ። እሷም እየሳቀች ቆመች።

እኛ ዘንድ የሚመረጠው በወረቀት አይደለም። ብዙው አባል ፊደል አልቆጠረም፤ እኔም ብሆን ፊደል የለየሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፤ መራጩ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል፤ አስመራጩ ዙሩ ሲል ይዞራሉ። የዚያን ቀን አስመራጩ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ከሁሉም ፊት ለፊት ቆሜ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ፈይሳ ነው። ዱላውን ይዞ ቀስ እያለ መጣና ሃዋኒ ጀርባ ቆመ። የጉርሙ ሚዜ እዚያ ከቆመ እኛስ ምን እንፈራለን የተባለ ይመስል፣ አንድ ሁለት ሰው ተከተለው። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ጎርፍ ነው። እየተያዩ፣ ከንፈራቸውን እየነከሱ፣ አንዳንዱም አፉን በጋቢው ሸፍኖ እየሳቀ ወደ ሃዋኒ ሰልፍ ገባ። ሰልፉ በሩን አልፎ ዝናብ ላይ ወጣ። ከጉርሙ ኋላ የቀሩት ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡና ዓይኑ በደንብ የማያይ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

ዙሩ አልኋቸው። ሃዋኒ ዞራ ሰልፉን ስታይ ደነገጠች።

«ምን ሆናችኋል? አውቶቡስ የመጣ መስሏችሁ ነው?» አለች።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጉርሙ አልሳቀም። ከሃዋኒ ጀርባ የቆመውን የመጀመሪያውን ሰው ነበር የሚያየው። ፈይሳም ዓይኑን አልሰበረም። ጉርሙ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከወገቡ ፈትቶ ለሃዋኒ በሁለት እጁ ሰጣትና መልካም የሥራ ዘመን ተመኝቶላት ወጣ።

ወሬው በማግሥቱ ከተማውን ሞላው። ወፍጮ ቤት ያሉ ሴቶች እልል አሉ። ወጣቶቹ የታክሲ ተራው ላይ ቆመው ጊንጪ ቆሎ ሻጭ ሾመች እያሉ ተቃቀፉ። ሽማግሌዎቹ አገር ተገለበጠ አሉ። የሌላ እድር ሰዎች እየመጡ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁን። ከሁሉ የገረመኝ ግን ወደ ጉርሙ ቤት የሚጎርፈው ሰው ነው። እንደ ለቅሶ ቤት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ፤ እኔ እንኳ አንተን ነበር የመረጥሁት ይላሉ። በኋላ ቀስ በቀስ ስንጠያየቅ፣ ጉርሙ እንዲወርድ የፈለገ ሰው እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ሌላው ሁሉ ትንሽ ይደንግጥ፣ ቁጣው ይብረድለት ብሎ ነው የሄደው። ጉርሙን ማስመረጡን ሌላው ሰው ያደርገዋል ብሎ። ጉርሙ ሁሉንም በአክብሮት ተቀብሎ አስተናገደ። ሲወጡለት ለእኔ እንዲህ አለኝ፦

«ይህ ሁሉ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ከነበረ፣ ግድግዳው እንዴት በላዬ ላይ አልወደቀም?»

ፈይሳ ብቻ አልመጣም። ሄጄ ለምን አትጎበኘውም ብለው፣ ሄጄ ምን ልበለው አለኝ። የመረጥኋት እሷን ነው። መምህሩ ልጁን የቀበረ ቀን ቃሌን አልሰማኝም፤ ዞሮ ሲያየኝ ይገባዋል ብዬ ነበር። ከእሷ ኋላ ብቻዬን እሆናለሁ ብዬ ነበር አለኝ። ጉርሙ ደግሞ ቤቱ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይል እንደነበር ባለቤቱ ነግራኛለች።

ሃዋኒ ክፉ ሊቀመንበር አልሆነችም። የስድስት ወሩን ደንብ በመጀመሪያው ስብሰባ አነሣች፤ ለዚህም ፈይሳ እንኳ ደስ አለሽ ብሏታል። ግን ወንዶቹ ለቁፋሮ በጊዜ አይወጡላትም፤ ትዕዛዟን እንደ ጨዋታ ይቆጥሩት ነበር። ድንኳን ያለ ሰዓቱ መተከል ጀመረ። ጉርሙ ቢኖር ኖሮ ማለት በየለቅሶው ይሰማ ጀመር፤ የሚሉትም ያው በዝናብ የተሰለፉት ናቸው። እሷ በጨነቃት ጊዜ ሁሉ ጉርሙ ዘንድ ሄዳ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ሳይሰስት ይመክራታል። ቂሙ ከእሷ ጋር አልነበረም።

እኔና ሁለት ሽማግሌዎች ሆነን እናስታርቃቸው ብለን ተነሣን። በእኛ አገር ጃርሱማ፣ የሽማግሌ እርቅ፣ ትልቅ ነገር ነው። ሽማግሌ ቁጭ ካለ የደም ነገር እንኳ ይበርዳል። ጉርሙ ቤት ገብተን ነገሩን አነሣን። አዳመጠንና እንዲህ አለ፦

«ፈይሳ ምን በደለኝ? ምርጫ ነበር፤ መረጠ። መብቱ ነው። በደል ከሌለ ካሳ የለም፤ ካሳ ከሌለ እርቅ የለም። ያልተጣላ ሰው እንዴት ይታረቃል?»

ፈይሳ ዘንድ ብንሄድም ያንኑ አለን። ሰው የገደለን ከሟች ቤተሰብ ጋር ያስታረቁ እጆች ለዚህ ነገር መያዣ አጡለት። መሬት ቢገፋው፣ ቢሰድበው፣ ቢመታው እናውቅበት ነበር። ይህ ግን ማንም ያላጠፋበት ጠብ ነው፤ ማንም ካላጠፋ ማን ይቅርታ ይጠይቃል?

ዓመታት ሄዱ። ያ ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ መጥቶ ሰው ከሰው ሲራራቅ እነሱ ቀድመው የተራራቁ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ አንዱ በአንዱ በር ሌላው በሌላው በር ይገባል። መንገድ ላይ ሲገናኙ ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላም ይባባላሉ፤ ጠብማ የለም። ቅዳሜ መጋዘኑ በር ላይ ጆንያ የሚያነጥፍ ጠፋ። እኔም ወደ ማንኛቸው እንደምሄድ ግራ ገብቶኝ ቤቴ መቀመጥ ለመድሁ።

በ2015 ፈይሳ ታመመ። ሳንባው ነው አሉ። ልጁ ሴና አዲስ አበባ ልታሳክመው ወሰነች። ከመሄዱ በፊት አስጠራኝና፣ አልጋው ላይ ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ለጉርሙ በድዬሃለሁ ይልሃል ብለህ ንገረው።»

አልበደልኸውም፤ መዋሸትም አታውቅም አልሁት።

«አውቃለሁ» አለ። «ለእርቁ የጎደለው በደል ብቻ ከሆነ፣ እሱን እኔ አዋጣለሁ።»

በዚያው ሰዓት ጉርሙ ዘንድ ሄድሁ። ነገርሁት። የምርጫው ቀን ያልዋሸኝ እሱ ብቻ ነበር፤ አሁን በእኔ ምክንያት እንዲዋሽ አልፈልግም አለ። በደሉን አልቀበልም፣ እሱን ግን እቀበላለሁ፤ ያለ ሽማግሌ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ አለ። መቼ ብለው፣ ባዶ እጄን አልሄድም፣ ቅዳሜ ገበያው ይለፍና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ አልጎተጎትሁትም። ሐኪሞቹ አልጋ ተገኝቷል ብለው ሴና አባቷን የወሰደችው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሐሙስ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉርሙ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ሴና ደወለች። አባቷ ከኦቦ ጉርሙ ጋር መነጋገር ይፈልጋል አለች። ጉርሙ ስልኩን ተቀበለኝ።

«ፈይሳ» አለ።

ከወዲያ በኩል የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ፈይሳ፣ ጊንጪ ዝናቡ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ጉርሙ፣ ጥሩ ነው፣ ጤፉ ይዟል አለ። ፈይሳ፣ ጭልሞ ላይስ አለ። ጉርሙ፣ ከዚህ ሲታይ ደመናው እዚያ ላይ ነው አለ። በረዶ እንዳይጥል ተባባሉ። እዚህ የሚታየው ቆርቆሮ ብቻ ነው አለ ፈይሳ። ጉርሙ በእጁ ግንባሩን ይዞ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቆየ፤ የወጣው ቃል ግን በርታ፣ ስትመጣ እንገናኛለን የሚል ብቻ ነበር። ስልኩ ተዘጋ። ሲመጣ እነግረዋለሁ አለኝ።

የመጣው በሬሳ መኪና ነው።

የሟች የሕይወት ታሪክ ቀብር ላይ ይነበባልና ሃዋኒ እንድጽፈው ጠየቀችኝ። ስጽፍ ጉርሙ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ምርጫው አለበት ወይ አለኝ። የለበትም አልሁት።

«አስገባው» አለ። «ወዳጁ ሲያጠፋ ወዳጁን አልመረጠም፤ ሁሉም ሲዋሽ እሱ አልዋሸም ብለህ ጻፍ።»

ሴና ሰማችን። ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ነበር። አባቴን በቀብሩ ቀን ከሰው ጋር አታጣሉብኝ፣ ሕዝቡም ይስቃል አለች። እሷም እውነት አላት፤ ያ ሁሉ ሰልፈኛ እዚያ ቆሞ ሊሰማ ነው። ስለዚህ የተነበበው የትውልዱ ቀን፣ በደን ጥበቃ ያገለገለበት ዘመን፣ ያሳደጋቸው ልጆች ነው። ጉርሙ ከሰዎቹ ሁሉ ኋላ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ከቀብር ስንመለስ አብረን ሄድን። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ፣ ግማሽ ሰው ነው የቀበራችሁት አለኝ። ሌላውን ግማሽ አንተ ጻፈው፤ እኔ በሕይወት ሳለሁ ጻፈው አለ።

ጻፍሁት። ጨርሼም ለጉርሙ አነበብሁለት። ስለ ስልኩ ስደርስ፣ ይህን የዝናብ ወሬ ባወጣው አይሻልም ወይ አልሁት፤ ለክብሩ ብዬ ነው።

«አታውጣው» አለ። «የተነጋገርነው እሱን ብቻ ነው።»