ቡናው እስኪያልፍ የተበየደ ብረት

ታላቅ ወንድሜ ከመቱ ሁሩሙ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ከሁሩሙ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማው ተነቅሎ መኪናው ገደል ገባ። ተሳፋሪዎቹ ተጎድተው ተረፉ። እሱ አልተረፈም።

ለቅሶ ቤት ወሬ አይጠፋም። «ሲበር ነበር አሉ» ይባላል። «ለሌላ ተራ ሊደርስ» ይባላል። እናቴ ትሰማለች። ከሰልስቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ታወርድ ጀመር። ልጇን ቀብራለች፤ አሁን ስሙን ሊቀብሩባት ነው። እኔ የተሰበረውን ብረት ለማየት ተነሣሁ። ምን አገኛለሁ ብዬ እንደሆነ እንጃ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ እንጂ ስለ ብረት የማውቀው የለኝም።

መኪናው ተጎትቶ የገባው ወንድሜ ዘወትር ከሚያሠራበት ጋራዥ ነው። መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። የፊት ጎማውን የሚሸከመውን ዘንግ ፈትተው በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ተሰበረ?»

«ስንጥቅ ነበረው። ለውጠው አልኩት። ‹ቡናው ይለፍ ጋሼ፣ ለአሁኑ ይበይዱልኝ› አለኝ። በየድኩለት።»

እኛ አገር ይሄ የታወቀ ነው። በቡና ለቀማ ወራት መኪና አይቆምም። ለቃሚው፣ ጆንያው፣ ነጋዴው መንገድ ላይ ነው። መለወጥ ያለበት ዕቃ ይበየዳል፣ በሞረድ ይስተካከላል፣ ቀለም ይቀባል።

ብረቱን ቴክኒክ ኮሌጅ ለሚያስተምር ጎረቤታችን ወሰድኩት። በር ላይ ወጥቶ በፀሐይ አየው። የስብራቱ ፊት አብዛኛው ጠቁሮ ለስልሷል፤ ወንዝ ሲጎድል ዳር ላይ እንደሚተወው ያለ መስመር በመስመር ላይ ተደርድሮበታል። ትንሽ ቦታ ብቻ ሻካራና የሚያብረቀርቅ ነው።

«ጥቁሩ የቆየ ነው። ሻካራው የዚያን ቀን የተሰበረው ነው» አለኝ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ስንጥቁ ትንሽ ትንሽ እያደገ ነበር። ብየዳው አፉን ዘጋው እንጂ ሥሩ ውስጥ ቀርቷል። «እኛ የምናስተምረው ትምህርት ስንጥቅ አለ ብሎ አያበቃም። ርዝመቱንና ጭነቱን ይዘህ ስንት ጉዞ እንደቀረው ታሰላለህ። በረዘመ ቁጥር ደግሞ እድገቱ ይፈጥናል።»

«ታዲያ ሲበር ነበር?»

«ፍጥነቱን ብረቱ አይነግረኝም።» ሻካራዋን ቦታ በአውራ ጣቱ ሸፈናት። «መኪናውን ይዛ የቆየችው ግን ይቺ ብቻ ናት። ቀስ ብሎ ቢነዳም አትችለውም ነበር።»

ለእናቴ የነገርኳት ይሄን ብቻ ነው፤ ማን እንዳስበየደው አልነገርኳትም። ቀና አለች። ልጄን ብረት ነው የገደለው ብላ ለጎረቤት ተናገረች። ወሬው ሲዞር ብየዳው ነው የገደለው ሆነ።

ለአርባው መካኒኩ መጡ። ገና ሳይቀመጡ አንዲት ጎረቤታችን፣ «ቀለም ቀብተው ነው የሰጡት አሉ» አለች፤ ወደ እሳቸው ሳታይ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። የሚመልሱት ነበራቸው። አልመለሱም። ሙት እንዳይወቀስ ብለው ይመስለኛል። እኔም ዝም ካልኩ ወንድሜ ነጻ ወጣ ማለት ነው።

«እሱ ነው ያስበየደው» አልኩ። «ለውጠው ብለውት ነበር።»

እናቴ ታስወጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፈቀቅ ብላ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ይቀመጡ» አለቻቸው። ሲቀመጡ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምነው እምቢ ቢሉት ኖሮ?»

«ለሁሉም ነው የምበይደው፣ እትዬ። ዛሬም ደጄ ላይ የቆሙ ሚኒባሶች አሉ።»

ከሁሩሙ የመጡት ለቀስተኞች እርስ በርስ ተያዩ። ሳይመሽ ሚኒባስ ተሳፍረው መመለስ ነበረባቸው።