የምናለ አጋም

ከጅጅጋ ወዲያ፣ ወደ ጠረፉ ሲኬድ፣ አንድ ዝቅ ያለ ጉብታ አለ። በጃንሆይ ዘመን፣ በድንበር የተጋጨን ጊዜ፣ እንድንይዘው ታዘዝን። ከላይ እስከ ታች አጋም ለብሶ ነበር፤ ፍሬው በስሎ ጠቁሯል።

ምናለ የዳንግላ ልጅ ነው፤ እኔ የቆሰበር፤ ሁለታችንም አፋችንን የፈታነው በአገውኛ ነው። የእኛ አገር ብርድ ስለሆነ ከአጋም ይልቅ ቀጋ አውቃለሁ። እሱ ግን እፍኝ ሙሉ ለቅሞ በላ። «ይኸኔ የእናቴ ጓሮ አጋምም በስሏል» አለኝ።

የኩሬው ውኃ ሆዳችንን ይቆርጠን ነበር። ምናለ የአጋም ሥር አጥቦ ያስኝከናል፤ ለብዙዎቻችን ቁርጠቱ ቀለል ይል ነበር። ሲቆፍር ዋናውን ሥር አይነካም። ከጎን አንዷን ቅጥያ ይወስድና አፈሩን ይመልሳል። «እናቴ እንዲህ ነው ያሳየችኝ። ከነቀልኸው ለሚቀጥለው በሽተኛ ምን ትሰጠዋለህ?» ይላል።

አንድ ጠዋት ሃምሳ አለቃችን ቁጥቋጦው እንዲመነጠር አዘዙ፤ ጠላት ተሸሽጎበት እንዳይጠጋን ነው። ምናለ ሰላምታ ሰጥቶ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ከላይ እንቁረጠው፤ ሥሩ ይቅር። መልሶ ያቆጠቁጣል።»

ሃምሳ አለቃው ቁልቁል አዩ። «ዓይኔን አይከልለኝ እንጂ ሥሩ የራሳችሁ ነው» አሉ።

እስከ ቀትር ቆረጥን።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጠላት መጣ። መድፍ ቀደመ፤ መትረየስ ተከተለ። ምሽጋችንን አልለቀቅንም። ረፋድ ላይ ተኩሱ በረደ። ምናለን ደረቱን ተመትቶ አገኘሁት። ቁስሉን በፋሻ አሰርሁለት፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። በአገውኛ እናቱን ጠራ። ከዚያ ሌላ አልተናገረም።

ከእኛ ወገን ሰባት ሰው ቀበርን። ሃምሳ አለቃው በየተራ ስማቸውን ሲጠሩ እኛ «አቤት» አልንላቸው።

ፈቃድ ሳገኝ ዳንግላ ሄድሁ። እናቱ መርዶውን ሰምተዋል። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ መጨረሻ ላይ በምን ተናገረ? በአማርኛ ነው ወይስ በእኛ ቋንቋ?»

«በእኛ ቋንቋ ነው፣ እማማ።»

«የሚሰማው ሰው አጠገቡ ነበረ ማለት ነው» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

አሁን አርጅቻለሁ። ልጆች «አሸነፋችሁ ወይ?» ይሉኛል። ጉብታውን አልለቀቅንም እላቸዋለሁ። በገበያ ቀን ግን ከኋላዬ አንድ የዳንግላ ጎልማሳ በአገውኛ ሲጫወት ከሰማሁ፣ ምናለ እንዳልሆነ እያወቅሁ ዞር እላለሁ።