ሂርጳ ምሳ አልበላም ያለ ቀን

ሂርጳን የማያውቅ የጌዶ ነጋዴ የለም። ከጌዶ አምቦ ሚኒባስ ሲነዳ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ጴንጤ ነው፤ ቢራ ቀርቶ ጠላ አይቀምስም። አምቦ ላይ አጥር ለአጥር ነን፤ ሽንኩርት ጭኜ ስመለስም ጋቢና የምይዘው ከሱ ጋር ነው። እሱ አያወራም፣ እኔ አላርፍም፣ ተስማምተን እንኖራለን።

የዚያን ቅዳሜ ግን ገና ከጌዶ ስንነሳ አላማረኝም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። «አሞሃል እንዴ ኦቦ ሂርጳ?» ስለው «ደህና ነኝ» አለኝ። ጉደር መግቢያ ላይ ባጃጅ ከቀኝ ብቅ ሲል እኔ ጮህኩ፤ እሱ ፍሬን የያዘው ቆይቶ ነው። ባጃጁ በጎኑ ተኛ። ነጂው ኤቢሳ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ እግሩ ተሰብሮ እያቃሰተ ሐኪም ቤት ወሰዱት።

ትራፊኩ መጣ። ሃምሳ አለቃ ሙለታ ይባላል፤ የሚናገረው በአፍንጫው ነው፣ ማሳረጊያው ሁሉ «ገባህ?» ነው። የሂርጳን ዓይን አየ። ከኋላ ወንበር ስር ጎንበስ አለና ገራባ ለቀመ፤ ተሳፋሪ ቅሞ ቅሞ የጣለው የጫት እንጨት ነው።

«መርቅነሃል፣ ገባህ? በምርቃና ሰው ገጭተሃል፣ ገባህ?»

«የሱ አይደለም፣ ይሄ ሰው ጫት አይቅምም» አልኩ እኔ።

«ሽንኩርት ነጋዴ ነሽ ወይስ ጠበቃ?»

ሂርጳን ብጎነትለው መሬት መሬት ያያል። ጣቢያ አስገቡት። በጫት መንዳት ከተጻፈበት መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ እስርም አለው ተባለ። ለሚስቱ ለለንሳ ደወልኩላት።

ለንሳ ጨጨብሳ በሳህን ቋጥራ ከአምቦ መጣች። የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ከዚህ በፊት ያረገዘቻቸው ሦስቱም በስድስተኛው ወር ነው የወረዱባት፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ማለት እኔ ነግሬዋለሁ። ሳህኑን ከፈተችለት።

«አልበላም» አለ ሂርጳ።

ሃምሳ አለቃው አንገቱን አሰገገ። «አየሽ? ጫት ሆድ ይዘጋል፣ ገባሽ? እሱንም እጽፈዋለሁ።» እስክሪብቶ አወጣ።

ለንሳ ባሏን ትክ ብላ አየችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያልበላኸው? ሐሙስ ማታ ‹ቸርች በላሁ› አልከኝ። ትናንት ‹መንገድ ላይ በላሁ› አልከኝ።»

ሂርጳ ሳህኑን ቀስ ብሎ ወደ እሷ ገፋው።

«ጾም ነህ አይደል? ለምን አትነግራቸውም?»

«ከተናገርኩት ምኑን ጾም ሆነ?» አለ ድምፁ እየደረቀ። ጴንጤዎቹ ጋ የጾመ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ምንም እንዳልሆነ መስሎ ነው የሚውል። እስከ እሁድ ጠዋት እህልም ውሃም ላይቀምስ ቃል ገብቷል፤ ቃል ገብቶ ደግሞ ሚኒባስ ይነዳል።

«ስለ ምን?» አለችው። ዓይኑ ሆዷ ላይ አረፈ። ሌላ አልጠየቀችም።

«አንድ ቀን ነው የቀረኝ» አለ። «ካቋረጥኩት ይሄኛውም እንደ...» አልጨረሰውም።

የሃምሳ አለቃው እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ለንሳ ጨጨብሳውን ቆነጠረች።

«የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለችው። «አባቱ ታስሮ እንዲወለድ አልፈልግም። ኛዹ፣ ብላ።»

አጎረሰችው። አፉ ውስጥ ብዙ አቆየው። ሲውጠው እንባው ወረደ።

ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጾም ላይ ሆኖስ መኪና ይነዳል?» አለ፤ «ገባህ» ማለትን ረሳ።

ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነርሷ መረመረችውና የጫት ምልክት የለበትም፣ ሰውነቱ ውሃ አልቆበታል ብላ ጻፈች። የጫቱ ክስ ተሰረዘ። ሰው መግጨቱ ግን አልተሰረዘም፤ መንጃ ፈቃዱ እስከ ፍርድ ቤት ተይዟል፣ ኤቢሳም እግሩ በጄሶ እንደታሰረ ነው።

ሂርጳ አሁን በዋስ ወጥቶ ቤቱ ነው። ለንሳ ሰባተኛ ወሯን ልትይዝ አስር ቀን ቀርቷታል። ጠዋት ጠዋት ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ይቆማል።

«ይንቀሳቀሳል?»

«ይራገጣል» ትለዋለች።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃታል። እኔም ከአጥር ማዶ መልሷን ሳልሰማ ወደ ገበያ አልሄድም።