ድንኳኑን ማን ሰፋው

ጎጃም በረንዳ ጀርባ ያለው ሰፈራችን ለልማት ይፈርሳል ሲባል እድራችን አንድ ነገር ወሰነ። ከመበተናችን በፊት የሰፈሩ ታሪክ ተጽፎ እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ቅጂ ይዞ ይውጣ ተባለ። ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። አስተማሪ ስለሆንኩ እንጂ ለታሪክ የተለየ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም።

ሦስት ወር ሙሉ በየሽማግሌው ቤት እየዞርኩ ጠየቅሁ። የሁሉም አባት ሰፈሩን ያቀና ነው። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እድሩ ሲቋቋም ድንኳኑን ያሰናዳው ኮሚቴው ነው። ያ ድንኳን ራጉኤል ለሚሳለመውም አንዋር ለሚሰግደውም ለቅሶ ሲተከል የኖረ ስለሆነ ታሪኩን በእሱ ጀመርኩና ለእናቴ አነበብኩላት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ኮሚቴው?» አለች። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። አንቺን አርግዤ፣ በእጄ።»

እስከዛሬ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

«ድንኳኑ እስከቆመ ድረስ ምን አስጨነቀኝ? አሁን ግን ሰፈሩም ሊፈርስ ነው። ወረቀቱ ላይም ከሌለሁ የት ኖርኩ ልበል?»

እናቴ ለራሷ ብላ አንድ ነገር ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ንድድ አለኝ። በኮሚቴውም፣ እናቴን እቤት አስቀምጬ ሦስት ወር የሰው ደጅ በጠናሁት በራሴም ተናደድኩ።

እሁድ ስብሰባው ላይ ነገሩን አነሳሁት። ከዚያ ኮሚቴ በሕይወት የቀሩት የእድሩ ሊቀመንበር ብቻ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ልጄ፣ እናትሽን እናከብራለን። ግን ታሪክ በይሉኝታ አይጻፍም። ማስረጃ አላቸው?»

እናቴ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች።

«ጋሼ፣ ድንኳኑን ያስወጡት። ሳይወጣ ግን ልናገር። ሸራው አጥሮኝ ነበር። በመግቢያው በኩል፣ የታችኛው ጠርዝ እጥፋት ውስጥ የራሴን ቀሚስ ቀድጄ ጨምሬበታለሁ። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ አበባ አለው። ይተርተርና ይታይ።»

ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። ድንኳኑ ወጥቶ ሲዘረጋ መንገዱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላው። ቆዳ የጫነ ባለጋሪ መንገድ ልቀቁልኝ እያለ ሲነጫነጭ ቆየና እሱም ሊያይ ቆመ። ሊቀመንበሩ በርከክ ብለው በምላጭ መተርተር ጀመሩ። ክሩ እንቢ አላቸው። ላብ አላባቸው፤ እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ጠርዙ ሲከፈት ከውስጡ ሰማያዊ ጨርቅ ብቅ አለ። ፀሐይ ስላልነካው ቀለሙ አልለቀቀም፣ አበባውም እንዳለ ነው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የሳቁት ወንዶች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እኔም ሰው ፊት አለቀስኩ፤ ምንም አላፈርኩም።

ሊቀመንበሩ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«ሸራውን ከሶማሌ ተራ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ለማን እንደሰጠሁት ነው የጠፋብኝ። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዜር።»

«እንግዲህ የባለቤትዎን ስም ጠርተን፣ የእሳቸው ሚስት ሰፉት ብለን እናስገባው?»

«አይሆንም» አለች እናቴ። «በራሴ ስም ይግባ። መጀመሪያው ገጽ ላይ።»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝና ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። ከዚያ ቀና አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው የኖሩ ሰውዬ፣ እዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ስሟን ጠየቋት።

እናቴም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከነአባቷ ነገረቻቸው።